የቢያድግልኝ ሽቦ

ጎንደር፣ ቅዳሜ ገበያ፣ ከብረታ ብረት ተራ፣
መዶሻ መዶሻን በስሙ እየጠራ፣
እጀታዋ የወለቀ ድስት በብብቴ ሸጉጬ
ተራ ጠበቅሁ፣ ከአሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጬ።
ከፊቴ ማረሻ፣ ከኋላዬ የበር ማጠፊያ፣
የባጃጅ ጭስ ማውጫ፣ የዳቦ መጋገሪያ፣
ሁሉም የታወቀ፣ ሁሉም የቀዬው ብረት፤
የእኔዋ ብቻ ናት እንግዳ ፍጥረት።

ስሟ ቲታንየም ነው። የሰጠኝ አንድ እንግዳ፣
ከሳንቃበር እስከ ግጭ፣ ከግጭ እስከ ጨነቅ ሜዳ
ዘጠኝ ቀን ያበሰልኩለት። ደባርቅ ስንለያይ
ሸክሙን ሲያቃልል ጊዜ አኖራት በእኔ ላይ፦
«ዕድሜ ልክህን» አለኝ፣ «አትዝግም፣ አትከብድም።»
ድስት በዚህ ብቻ፣ እኛ ዘንድ፣ አይወደድም።

እውነቱን ነው፤ አልዋሽም። ክረምቱን ሙሉ አድራ
በጆንያ ውስጥ ታጭቃ፣ ከእርጥብ ገመድ ጋራ፣
ሐምሌም ነሐሴም አልፈው፣ መስከረም ስፈታት
አንዲት የዝገት ነጥብ፣ አንዲት ሽታ የላት።
ውሃው ውሃ ይላል፤ ሎሚም ቢጨመቅ
የራሷን ጣዕም ሰርቃ ከሎሚው አትደባልቅ።

ክብደቷስ? የእንቁላል ቅርፊት! ቡዋሂት አናት
ነፋሱ የራሱ መስላው ከእጄ መነተፋት፤
ተከትዬ ሮጥኩ ቁልቁል፣ ሃምሳ ዓመቴን ረስቼ፣
በጅባራ ግንድ ሥር ያዝኳት፣ ጉልበቴን አድምቼ።
እሳት ሲነካት ደግሞ ቂጧ ቀለም ያወጣል፣
ሰማያዊ፣ ወይን ጠጅ፤ የእርግብ አንገት ይመስላል።

ሽሮ ግን አታውቅም።
መሃሏ አሮ ሳለ ዳር ዳሯ አይሞቅም።
የተሰጣትን እሳት ማካፈል ጠላች፣
ዓይኔን ከላይዋ ካነሣሁ በቅጽበት ታቃጥላለች።
ሻዩ ይበርዳል ደግሞ፣ ግድግዳዋ ስስ፣
ከምድጃ ተነሥቶ ከድንኳኑ እስኪደርስ።

ዋጋዋን የነገረኝ ይርሳው ነው፣ አስጎብኚው፤
«ሁለት ፍየል» ሲለኝ መስሎኝ የሚቀልደው።
ከዚያ ወዲህ ሳጥባት እጄ ይንቀጠቀጣል፤
ሁለት ፍየል በአሸዋ ፈግፍጎ ማን ያጥባል?

ታዲያ ሊማሊሞ ላይ ቦራ አንሸራትቷት
ከነጭነቷ ወድቃ ድስቷን ተኛችባት።
ጎኗ ጭረት እንጂ ሌላ አልነካት፤ ለቀቀ
እጀታዋ ብቻ፤ ብየዳው ተላቀቀ።

ቢያድግልኝ ተቀበላት። በጥፍሩ መታ አድርጎ ሰማ፤
ድምጿ ከሚያውቀው ሁሉ ከአንዱም አልተስማማ።
በብየዳ ሞከረ፤ ብልጭታው ቢዘንብ
ነጭ ዱቄት ሆነ እንጂ ጠርዙ እምቢ አለ ሊቀርብ።
በመሰርሰሪያ ሞከረ፤ አንዱ ሹል ተሰበረ፣
ሁለተኛውም ጮኸ፣ ጨሰና ቀረ።
በመዶሻ ቢላት ጎንበስ አለችና
እንደ ላስቲክ መልሳ ቀጥ አለች እንደገና።

«አየህ» አለኝ፣ ላቡን በክርኑ ጠርጎ፣
«መዳብ ይሰማኛል፣ ናስ ይመጣል ፈልጎ፤
ብረትም ይቆጣል እንጂ ኋላ ይለዝባል።
ይቺ ግን አታውቀኝም፤ ላላወቀኝ ምን ይባላል?»

አልተናደደም። እሱ ነው ያሳዘነኝ።

ቤት ያለችው አሮጌዋ፣ ጥላሸት የለበሰችው፣
አሥራ አንድ መጣፊያ ነው በአካሏ የተሸከመችው፤
ዘጠኙ የእሱ ሥራ ነው፣ ሁለቱ የአባቱ።
ትዝጋለች። ትከብዳለች። ግን አለ መድኃኒቱ።

መጨረሻ ላይ ተነሣ። ከአጥር ትራፊ ሽቦ
አንገቷን ሁለት ዙር፣ አጥብቆ ከቦ፣
በፒንሳ ጠምዝዞ ጆሮ አወጣላት፤
እንደ ዘመቻ ሴት ቀበቶ አስታጠቃት።
ሒሳብ ስለው ሳቀ፤ «እኔ አልጠገንኳትም።
ምን አዳንኩና» አለኝ፣ «ያሰርኩት አይከፈልም።»

ከወፍጮ ቤት ሚዛን ላይ ለየብቻ ስናስቀምጥ
ሽቦው ሆኖ ተገኘ ከድስቷ የሚበልጥ።

ጥቅምት ላይ ወጣን። እንግዳው የጥርስ ብሩሹን እጀታ
ለቅለት ብሎ ቆርጦታል። ይሁን። ግን ማታ
ከቦራ ጀርባ አወረድኩ ማጠፊያ ወንበሩን፣
ሁለት ጠርሙስ ወይኑን፣ የላባ ትራሱን፣
ከሁሉም ሥር እሷን፣ ከነሽቦ ቀበቶዋ።
ውሃውን በእሷ ጣድኩ። ሽሮውን በአሮጌዋ።